ሊጉ ሳይጀመር ተጫዋች ሲጎዳ፦ የሆኪ ቡድንን ጉዳት ከጎንደር ሆኖ እንዴት መመዘን ይቻላል

የፋሲል ከነማ አምበል ሊጉ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ታፋውን ያዘው ቢባል፣ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ "ሁለት ሳምንት ነው" ይላል። ሌላው "የዘንድሮው ነገር አከተመ" ይላል። እግር ኳስ ላይ ይሄን ለምደነዋል፤ ትክክል ባንሆንም እንኳ በምን እንደምንከራከር እናውቃለን።

አይስ ሆኪ ላይ ግን ብዙዎቻችን ገና እንግዳ ነን። ቶሮንቶ ወይም ሚኒሶታ ዘመድ ያለው የጎንደር ልጅ ቡድን መርጦ በስልኩ መከታተል ጀምሯል። መስከረም ላይ የጉዳት ዜና ሲደራረብ ግራ ይጋባል። አንዱ ጎረምሳ ማራኪ ሰፈር ቡና እየጠጣን፣ "ጋሼ፣ ባርኮቭ ከወጣ ፍሎሪዳ አለቀላት አይደል?" አለኝ፤ የፍሎሪዳ ፓንተርስን አምበል ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ሦስት ጥያቄ መለስኩለት። ስንት ደቂቃ ይጫወት ነበር? ስንት ይከፈለዋል? ከኋላው ማን አለ? ስሙ የገነነ ስለሆነ ብቻ ቡድን አይወድቅም። ስሙ ስላልገነነ ብቻም ቡድን አይተርፍም።

እንግዲህ ዜናው ሲመጣ በዚህ መንገድ ሂዱ።

1. መጀመሪያ የጠፉትን ጨዋታዎች ቁጠሩ

የሰሜን አሜሪካው የአይስ ሆኪ ሊግ፣ ኤን ኤች ኤል፣ 32 ቡድኖች አሉት። ልምምድ የሚጀምሩት በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ሊጉ የሚከፈተው መስከረም ውስጥ ሲሆን ገና ሲደርስ ግማሹ ሊያልቅ ይቃረባል። በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 2025-26 ድረስ እያንዳንዱ ቡድን 82 ጨዋታ ነበረው፤ ከ2026-27 ጀምሮ 84 እንዲሆን ተስማምተዋል። የቅድመ ውድድር ጨዋታዎችን ደግሞ ወደ አራት አውርደዋቸዋል። ይህ ለተጫዋቾች ደግ ነገር ነው። ለነጥብ በማይቆጠር ጨዋታ ጉልበት መስበር ያንገበግባል።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በሳምንት ሦስት ጨዋታ ያዙ። ስድስት ሳምንት ይቀራል የተባለ ሰው 18 ያህል ጨዋታ አመለጠው ማለት ነው። ግን የምትቆጥሩት ሊጉ ከሚጀምርበት ቀን እንጂ ከተጎዳበት ቀን አይደለም። ልምምድ በተጀመረ ሰሞን የተጎዳ ሰው ከስድስቱ ሳምንት ሦስቱን በዝግጅት ጊዜ ይጨርሳል። ስለዚህ አስደንጋጭ የሚመስለው ዜና አንዳንዴ ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ ይሆናል።

አንዳንዴ ደግሞ አይሆንም። የፍሎሪዳ ፓንተርስ አምበል አሌክሳንደር ባርኮቭ ልምምድ ላይ ጉልበቱን የተጎዳው ሴፕቴምበር 25 ቀን 2025 ነው፤ በእኛ መስከረም 15 ቀን 2018፣ የደመራ ዋዜማ። ቀዶ ጥገና ተደረገለትና ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ተባለ። ቁጠሩት፤ ሰባት ወር ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ይደርሳል። መደበኛው ውድድር ያኔ አልቆ ጥሎ ማለፉ ተጀምሯል። 82ቱም ሄዱ ማለት ነው። የቡድን ጓደኛው ማቲው ትካቸክም በዚያው ክረምት ቀዶ ጥገና አድርጎ ስለነበር፣ የ2024 እና የ2025 ሻምፒዮን ቡድን ሁለት ምሰሶ ሳይኖረው ሊጉን ጀመረ።

2. የተሸፈነውን ቃል ግለጡት

የሆኪ ቡድኖች ጉዳት መደበቅ ይወዳሉ። "የላይኛው አካል ጉዳት" ወይም "የታችኛው አካል ጉዳት" ብለው ያልፉታል። ትከሻም እጅም ጭንቅላትም "ላይኛው" ነው። ምክንያታቸው ባላጋራ የታመመውን ቦታ አውቆ እንዳይመታው ነው ይባላል። ለደጋፊ ግን ያበሳጫል።

እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው። "ዕለት በዕለት እየታየ" ከተባለ ብዙ አትጨነቁ። "በሳምንት እየታየ" ከተባለ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ሰርዙ። "ቀዶ ጥገና" የሚል ቃል ከመጣ ግን ቡድኑ እውነቱን እየነገራችሁ ነው፤ የተባለውን ወር እንዳለ ያዙት።

ጭንቅላት ሲሆን ግን ቀን የሚቆርጥ ሰው አትመኑ። የፒትስበርጉ ኮከብ ሲድኒ ክሮዝቢ ጃንዋሪ 2011 ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጣ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን መጀመሪያም አልነበረም። ኖቬምበር 21 ቀን ተመልሶ በአንድ ሌሊት ሁለት ጎል አስቆጠረ፤ ሁለት ደግሞ አቀበለ። ሁሉም "አበቃ፣ ዳነ" አለ። ስምንት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ እንደገና እስከ ማርች ወጣ።

3. ደቂቃውንና ሥራውን መዝኑ

ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ። ለአንድ ጨዋታ የሚሰለፉት 18 ሜዳ ተጫዋቾችና ሁለት ግብ ጠባቂዎች ናቸው። ሜዳ ላይ የሚቆዩት 45 ሰከንድ ያህል ነው፤ ከዚያ ወንበር፣ ከዚያ ተመልሶ መግባት። ስለዚህ እንደ እግር ኳስ ሁሉም ዘጠና ደቂቃ አይሮጥም። ዋናው የመሀል አጥቂ 20 ደቂቃ አካባቢ ይጫወታል። ዋናው ተከላካይ 25 ሊደርስ ይችላል። አጥቂዎች ሦስት ሦስት ሆነው በአራት መስመር ይፈራረቃሉ፤ በአራተኛው መስመር ያለ አጥቂ አሥር ደቂቃ ካገኘ ተመስገን ይላል። ግብ ጠባቂው ግን 60ውንም ይቆማል።

ከዚህ ተነስታችሁ ደረጃ አውጡ። ግብ ጠባቂ ከሁሉም ይብሳል። ቀጥሎ ዋናው ተከላካይና የመሀል አጥቂ ይመጣሉ። የክንፍ አጥቂ ዝነኛ ቢሆንም ለመተካት ይቀላል። ይህ የኔ ሚዛን ነው፤ የሚከራከረኝ አይጠፋም።

ደቂቃ ብቻውንም አይበቃም፤ ሥራውንም እዩ። ፓትሪክ ላይኔ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2024 በቅድመ ውድድር ጨዋታ ጉልበቱን ተጎዳ። ወደ ሞንትሪያል በዝውውር ገና መምጣቱ ነበር። ዲሴምበር ላይ ተመልሶ በ52 ጨዋታ 20 ጎል አገባ። ከነዚህ ውስጥ 15ቱ የገቡት ባላጋራ ሰው በቅጣት ወጥቶበት ሞንትሪያል የቁጥር ብልጫ በነበረበት ሰዓት ነው። ስለዚህ እሱ ሲጎዳ የሚጠየቀው "ስንት ጎል ቀረ?" አይደለም። "የቁጥር ብልጫ ስናገኝ ማን ይመታልናል?" ነው።

የሞንትሪያልን ሌላ ዓመት ደግሞ በደንብ ተመልከቱት። በ2021 ለሊጉ ዋንጫ፣ ለስታንሊ ካፕ፣ ፍጻሜ ደረሱ። በዚያው ክረምት ግብ ጠባቂያቸው ኬሪ ፕራይስ የጉልበት ቀዶ ጥገና አደረገ። አምበላቸውና ዋና ተከላካያቸው ሼይ ዌበርም በጉዳት እንደማይጫወት ታወቀ። ፕራይስ በዚያ ዓመት አምስት ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። ቡድኑ 55 ነጥብ ይዞ ከ32 ቡድን 32ኛ ወጣ! ጥፋቱ ሁሉ የጉዳት ነው አልልም፤ የመሀል አጥቂዎችም በዝውውር ለቀውባቸዋል። ግን የጀርባ አጥንታቸው ከላይ እስከ ታች በአንድ ክረምት ተነቀለ።

ኮሎራዶን ደግሞ ከጎኑ አድርጉት። በ2022 ዋንጫ ያነሳው አምበል ገብርኤል ላንደስኮግ በጉልበቱ ምክንያት ሦስት ሙሉ የውድድር ዘመን አልተጫወተም፤ የተመለሰው በ2025 ጥሎ ማለፍ ነው። ኮሎራዶ ያለ እሱ በ2022-23 ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ለምን? ላንደስኮግ የክንፍ አጥቂ ነው። መሀል ላይ ማኪነን፣ ተከላካይ መስመር ላይ ማካር ነበሩ። አምበሉ ቢወጣም ምሰሶው ቆሞ ነበር።

4. ገንዘቡ ላይ ቆም በሉ

ከእግር ኳስ የመጣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኛ ገና ስንጫወት አንዱ ሩር እግሩን ቢመታው ከዳር የቆመው ዱላ ይዞ ይገባል፤ የሚከለክለው የለም። ኤን ኤች ኤል ውስጥ ግን ከዳር ያለው ከመግባቱ በፊት ሒሳብ ሹሙ ይጠየቃል።

ሊጉ የደሞዝ ጣሪያ አለው። በ2025-26 ጣሪያው 95.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ማንም ሀብታም ቢሆን ከዚያ በላይ መክፈል አይችልም። የተጎዳ ሰው ደሞዙ አይቆምም፤ ጣሪያው ውስጥም መቆጠሩ ይቀጥላል። ጣሪያው ጋ የተጠጋ ቡድን ታዲያ ምትክ ለማምጣት ገንዘብ የለውም።

ለዚህ ሁለት መዝገብ አለ። የመጀመሪያው ተራው የጉዳተኞች መዝገብ ነው። ቢያንስ ለሰባት ቀን የሚወጣ ሰው ይገባበታል። ከ23ቱ የቡድን አባላት መሀል ቦታ ይለቃል፤ ገንዘብ ግን አይለቅም። ሁለተኛው የረጅም ጊዜ ጉዳተኞች መዝገብ ነው። ቢያንስ አሥር ጨዋታና 24 ቀን የሚያመልጠው ሰው ሲሆን፣ ቡድኑ ለምትክ ሲል ጣሪያውን እንዲያልፍ ይፈቀድለታል። ከጣሪያው ብዙ ዝቅ ብሎ የሚከፍል ቡድን ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም እምብዛም ነው። ስለዚህ ዜና ስታነቡ ቡድኑ ከጣሪያው ስንት እንደቀረው አብራችሁ ፈልጉ።

ይህን ቀዳዳ በደንብ የተጠቀመበት ታምፓ ቤይ ነው። የ2020-21 ውድድር ሊጀመር ሲል ኮከብ አጥቂው ኒኪታ ኩቸሮቭ የዳሌ ቀዶ ጥገና እንደሚያደርግና መደበኛውን ውድድር በሙሉ እንደሚያመልጠው ተነገረ። ያ ዓመት በኮቪድ ምክንያት 56 ጨዋታ ብቻ ነበረው። የእሱ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ጣሪያውን ለማለፍ ዋለ። ጥሎ ማለፍ ላይ ያኔ ጣሪያ አልነበረም። ኩቸሮቭ ለጥሎ ማለፉ ከች አለ፤ በጎልና በማቀበል 32 ነጥብ ሰብስቦ ከሁሉም በለጠ። ዋንጫው ታምፓ ገባ። ሕግ አልተጣሰም፤ ግን ብዙ ሰው ተናደደ።

ከ2025-26 ጀምሮ ቀዳዳው ጠቧል። አሁን ጥሎ ማለፍ ላይ የሚሰለፉት ሃያ ሰዎች ከጣሪያው ማለፍ አይችሉም። የተጎዳው ሰው በዚያው ዓመት የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ለምትክ የሚፈቀደው ገንዘብ ከሊጉ አማካይ ደሞዝ አይበልጥም። ሙሉውን ለመጠቀም ሰውየው በዚያ ዓመት አይመለስም ብሎ መወሰን ያስፈልጋል።

የባርኮቭን ጉዳይ በዚህ ሕግ እዩት። ጣሪያው ውስጥ የሚቆጠርበት አሥር ሚሊዮን ዶላር ነው። ሰባት ወር ከበቃው ለጥሎ ማለፍ ሊደርስ ይችል ነበር። ቡድኑ ታዲያ ሚያዝያን ተስፋ አድርጎ በትንሽ ገንዘብ ይብቃቃ? ወይስ ተስፋውን ቆርጦ አሥሩንም ሚሊዮን አሁኑኑ ይጠቀም? ይሄን የሚወስኑት ገና በመስከረም ነው፤ ጉልበቱ እንዴት እንደሚድን ማንም ሳያውቅ። አንድ ጉዳት የአንድ ዓመት ዕቅድ የሚያናጋው እንዲህ ነው።

5. ማን ከፍ እንደሚል ተከተሉ

አንደኛው መስመር ላይ ክፍተት ሲኖር ከታች የመጣው ልጅ እዚያ አይገባም። ሁለተኛው ወደ አንደኛ፣ ሦስተኛው ወደ ሁለተኛ፣ አራተኛው ወደ ሦስተኛ ይወጣል፤ አዲሱ ልጅ አራተኛ ላይ ይገባል። አንድ ሰው ሲወጣ አራት ሰው አዲስ ሥራ ያገኛል። እኔ ብዙ ጊዜ የማየው ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ የወጣውን ነው፤ ጠንካራ ባላጋራ የሚገጥመው እሱ ነውና።

አዲሱ ልጅ በአብዛኛው የሚመጣው ከታችኛው ሊግ፣ ከኤ ኤች ኤል ነው። እያንዳንዱ ቡድን እዚያ አጋር አለው። ሌላው መንገድ የተጣሉትን ማንሳት ነው። ሊጉ ሊጀመር ሲል ቡድኖች ተጫዋቾችን ይቀንሳሉ፤ ልምድ ያለውን ወደ ታች ለማውረድ መጀመሪያ ለሌሎች ቡድኖች ማቅረብ ግድ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ የፈለገ ይወስደዋል። ስለዚህ ጉዳት የበዛበት ቡድን በእነዚያ ቀናት ዓይኑ አይተኛም። አንዳንድ ሽማግሌ ተጫዋችም ውል ሳይኖረው ለሙከራ ልምምድ ይገባና፣ ሌላው ሲጎዳ የእሱ እንጀራ ይወጣል።

6. መመለሱን አታጋንኑ

"ተመለሰ" ማለት "እንደ ድሮው ሆነ" ማለት አይደለም። ሌሎቹ ወር ሙሉ ሲሮጡ እሱ ጂም ውስጥ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ጎሉን ትታችሁ ደቂቃውን እዩ። 20 ይጫወት የነበረ ሰው 14 ከተሰጠው አሰልጣኙ ገና አላመነውም።

መረጃውን ለመያዝ ሌሊት መንቃት አያስፈልጋችሁም። የምሥራቅ አሜሪካ ቡድኖች በሜዳቸው ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት በኦክቶበር በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ኖቬምበር ላይ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 9 ይሆናል። የጠዋት ልምምዳቸው ግን በእኛ ወደ ማታ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይውላል። ማን በየትኛው መስመር እንደተለማመደ፣ ማን እንደቀረ ጋዜጠኞች ያኔ ይጽፋሉ። ከሥራ ስትወጡ ዳታ ከፍታችሁ እሱን አንብቡ። የግብ ጠባቂው ስም ካልተጠቀሰ ግን እስከ ማሟሟቂያው ድረስ ማንንም በእርግጠኝነት አትጻፉ።