ደሴን በክረምት ለማየት ስትመጡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ክረምት ሲገባ ደሴ እንግዳ ይበዛባታል። ትምህርት ቤት ይዘጋል። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከዓረብ አገር ሳይቀር ዘመድ ይመጣል። እኔም በየዓመቱ አንድ ሁለት እንግዳ አስተናግዳለሁ። ብዙዎቹ ሲሰናበቱኝ «ደስ የምትል ከተማ ናት፣ የሚታይ ነገር ግን ብዙም የላትም» ይሉኛል። ይህን ስሰማ ያመኛል። የሚታየው ሁሉ አጠገባቸው እያለ ነው ያለፉት። ደግሞ አልፈርድባቸውም፤ ቀድሞ የነገራቸው ሰው የለም። ስለዚህ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች፣ እኔው የሠራሁትንም ጨምሬ፣ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ደሴን ምሳ በልቶ ማለፍ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ወልድያና ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው እዚህ ይቆማል፣ ምሳ ይበላል፣ ይሄዳል። ያየው አንድ አስፋልትና አንድ ምግብ ቤት ነው። ከዚያ «ደሴን አውቃታለሁ» ይላል።

ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። አንድ ሌሊት አይበቃም የምለው በክረምት አንዱን ቀን ጉም ሊወስደው ስለሚችል ነው። ሐምሌ ላይ ጠዋት መስኮት ከፍታችሁ ከፊት ለፊት ያለው ቤት የማይታይበት ቀን አለ። በማግስቱ ደግሞ ሰማዩ ታጥቦ ያድራል።

ለደሴና ለኮምቦልቻ አንድ ልብስ መያዝ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጋቢ ወደ ቲሸርት ትወርዳላችሁ ማለት ነው። ኮምቦልቻ አርፈው በስስ ሸሚዝ ወደ ደሴ የሚወጡ እንግዶችን መናኸሪያ ላይ በዓይን መለየት ይቻላል፤ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተዋል። ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ ጭቃ የሚችል ጫማ ያዙ። ጃንጥላ ብቻውን አይበቃም፤ የደሴ ነፋስ ይገለብጠዋል።

ጦሳን ከሰዓት በኋላ መውጣት

ይህ በጣም የሚቆጨኝ ነው። ጦሳ ከከተማዋ በስተምዕራብ የቆመው ተራራ ነው። ደሴ ያለ ጦሳ አትታሰብም። እንግዳ ግን ተኝቶ ያረፍዳል፣ ቁርስ ይበላል፣ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ይጠጣል። ስምንት ሰዓት ላይ «እንውጣ» ይላል። ያኔ ደመናው ወርዷል። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ዝናቡ ይመጣል። ጭቃው ከጫማው ሥር እየተጋገረ እግሩ ይከብደዋል። ተመልሶ ሆቴል ይገባና ቴሌቪዥን ያያል።

ክረምት ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚጠነክረው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። የአካባቢ ልጅ ይዛችሁ ውጡ። ባለፈው ነሐሴ ከእህቴ ልጅ ጋር ወጥተን ነበር። መጀመሪያ ከታች ምንም አይታይም፤ ነጭ ጉም ብቻ። ከጉሙ ውስጥ ግን ድምፅ ይሰማል። ውሻ ይጮኻል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ ከቤተ ክርስቲያን የጸሎት ድምፅ ይመጣል። ከዚያ ጉሙ ከአንድ ጥግ ተቀደደ። መጀመሪያ የታየው የአንድ ቤት ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ ሲነካው እንፋሎት ይወጣው ጀመር። ቀጥሎ ሌላ ቆርቆሮ፣ የመስጊድ ሚናራ፣ ባሕር ዛፍ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከተማዋ ሁሉ ከፊታችን ተዘረጋች። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ጀምሮ ነበር፤ በኋላ ኪሱ ከተተው። ዝም ብለን ቆምን።

ደሴ የሚለው ስም ራሱ ከደስታ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደስተው ነው ስሙን ያወጡት ይባላል። ጉም የገለጠችውን ደሴን ከጦሳ ላይ ያየ ሰው ይህን ታሪክ ለማመን አይቸገርም።

አይጠየፍን ከውጭ አይቶ መመለስ

«አንድ አሮጌ አዳራሽ አይተናል» ይሉኛል። ስሙን ግን ልብ አላሉትም። አይጠየፍ! ደሃ ሀብታም፣ ጌታ ሎሌ ሳይል ሁሉን ተቀብሎ ያበላ ስለነበር ነው እንዲህ የተባለው። ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። የእሳቸው ታሪክ ደግሞ የወሎ ታሪክ ነው። መጀመሪያ መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ተጠመቁና ሚካኤል ተባሉ። ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን፣ ቅርብ ነው። ወደ ሐይቅ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ። የምኒልክን ልጅ አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። ልጃቸው ከሥልጣን ሲወርድ ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ።

ይህን ይዛችሁ አዳራሹ ፊት ስትቆሙ ሌላ ነገር ይታያችኋል። ያ ሁሉ ሕዝብ የበላበት ቤት ነው። ብቻችሁን አትሂዱ። ሰፈሩ ውስጥ ያሉ ሽማግሌ ፈልጉና «አባባ፣ እስቲ ያውጉኝ» በሉ። ጊዜ ካላቸው ይቀመጣሉ፤ የወሎ ሰው ወግ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

የደሴ ሙዚየምንም አትዝለሉ። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሙዚየሙ ተዘርፏል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑንና ምን እንደሚታይ ጠይቁ። ከተማዋ ጦርነት ሲያገኛት ያ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ እያሉ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበዋል። ፒያሳ ስትራመዱ የጣሊያን ዘመን ቤቶችን ታያላችሁ። ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ ታች ሱቅ ብቻ አይደለም ያለው።

ቀን ሳይቆጥሩ መምጣት

«ክረምት ላይ ምን በዓል አለ?» ብለው የሚጠይቁኝ ከመጡ በኋላ ነው። ቀን መቁጠሪያ ቀድሞ ይታያል እንጂ!

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ልጆች ዱላቸውን እየመቱ በየሰፈሩ ይጨፍራሉ፣ ሙልሙል ይቀበላሉ። ከሆቴል ውስጥ ሆናችሁ አይታይም። ሰው ቤት መሆን አለባችሁ፣ ዝርዝር ብርም ኪሳችሁ ይኑር። ቡሄ የሚውለው ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው የፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። በዓል ነው ብላችሁ ክትፎ አትጠብቁ።

መውሊድ በሒጅራ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመለሳል። በእነዚህ ዓመታት ነሐሴ ላይ እየዋለ ነው። ወሎ ውስጥ መውሊድ ማለት መንዙማ ማለት ነው። ድቤው ሲመታ፣ አዝማቹ ሲያወጣ፣ ሕዝቡ ሲቀበል፣ ሙስሊም ያልሆነውም ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። መንዙማን በስልክ ብቻ የሰማ ሰው እዚህ መጥቶ ይስማው እላለሁ።

ትልቁ ስህተት ግን ከግሸን ጋር የተያያዘ ነው። ግሸን ማርያም አምባሰል ውስጥ ናት፤ ግማደ መስቀሉ ያለበት፣ ራሱም የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ። በዓሏ መስከረም 21 ነው። ከአገር ሁሉ የሚመጣው ምእመን አብዛኛው በደሴ በኩል ያልፋል። በዚያ ሳምንት ደሴ ደርሶ አልጋ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ወይ ቀድማችሁ ያዙ፣ ወይ ዘመድ ቤት አስቡ። ለመሳለም ካልሆነና ከተማዋን ለማየት ብቻ ከሆነ ግን ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያሉትን ቀኖች ምረጡ። ዝናቡ ይቀንሳል። አደይ አበባ ጋራውን ይሸፍነዋል። ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ ምርጡ ጊዜ ያ ነው።

ሥጋ ሳይጠይቁ ማዘዝ

ደሴ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ግቢ የሚኖርባት ከተማ ናት። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። ብዙ ሥጋ ቤቶች ላይ መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ ታያላችሁ። ምልክት ከሌለ «የሙስሊም ነው የክርስቲያን?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም አይቀየማችሁም። እዚህ ይህን መጠየቅ ነውር ሳይሆን መተሳሰብ ነው። ድግስ ላይ እንኳ ለሌላው ሃይማኖት እንግዳ የተለየ በግ ይታረዳል።

መንገድ ላይ ግን ሳትጠይቁ ብሉ፦ የተጠበሰ በቆሎና በለስ። በለሱን ራሳችሁ አትላጡ። ልጆቹ በቢላዋ ከፍተው ይሰጧችኋል፤ እሾሁ ጣት ውስጥ ከገባ ሁለት ቀን ያስለቅሳል።

ከአቦል በኋላ መነሳት

ቤት ገብታችሁ «ቡና ጠጡ» ከተባላችሁ ሰዓት አትዩ። ባለፈው አንድ እንግዳዬ አንድ ሲኒ ጠጥቶ ተነሳ። ቡናውን ያፈሉት እትዬ ምንም አላሉትም። ጀበናውን ግን እንደያዙ ቀሩ፤ ያንን ፊታቸውን አልረሳውም። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። በረካ ስሙም በረከት ነው። ወሎ ላይ ደግሞ ምርቃት አለ። ትልቁ ሰው እጁን ዘርግቶ ይመርቃል፣ ሌላው መዳፉን ከፍቶ «አሚን» ይላል። ክርስቲያንም ሙስሊምም። እናንተም መዳፋችሁን ክፈቱ።

ሰው ስታነጋግሩ «አብሽር» ሲሏችሁ ትሰማላችሁ። አይዞህ፣ ችግር የለም እንደማለት ነው። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁም ቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ በተለይ ቤተ እምነት አካባቢ።

ሐይቅ እስጢፋኖስን ሥርዓቱን ሳያውቁ መሄድ

ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። አክስቴ ከአዳማ መጥታ «ሐይቅ እስጢፋኖስን ሳልሳለም አልመለስም» አለችኝ። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደስ ብሎኝ ይዣት ሄድኩ። ገዳሙ የወንዶች ነው፤ ሴት አይገባም። እንዴት እንደዘነጋሁት አላውቅም። በሩ ላይ ስንደርስ ነው የተነገረን። አክስቴ አልተቆጣችም። ነጠላዋን አስተካክላ ከውጭ ቆማ ጸለየች። እኔ ግን ያን ቀን አፈርኩ። ያን ያህል መንገድ ከማምጣቴ በፊት መንገር ነበረብኝ።

እንግዲህ ሴቶችን ይዛችሁ ስትሄዱ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ውጭ ሆኖ መሳለምም አለ፣ ሐይቁም አለ፣ ዓሣውም አለ። ለሚገባው ደግሞ ገዳሙ ትልቅ ሀብት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው። የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌልም እዚያው ይገኛል።

ሰኞን በከንቱ ማሳለፍ

ደሴ ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር አላት፤ ስሙ ቀኑን ይናገራል። የባቲም ገበያ ሰኞ ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አፋሩ ግመሉን ነድቶ ይመጣል፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋ እህል ይዞ ይወርዳል። ባቲ የሚባለው ቅኝት ስሙን የወሰደው ከዚህች ከተማ ነው፣ አምባሰልም እንደዚሁ ከአምባሰል። ሁለቱን ገበያ በአንድ ሰኞ ማዳረስ አይቻልምና ምረጡ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ባቲን እላለሁ፣ በጠዋት።

ከከተማ ስትወጡ ግን፣ ወደ ባቲም ሆነ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ግሸን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን የዚያኑ ዕለት ጠይቁ። የትናንት ወሬ አይበቃም። መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮች ከማንም በላይ ያውቃሉ።

በማታ ሐረጎን መውረድ

አውሮፕላን ማረፊያው ኮምቦልቻ ስለሆነ ብዙ እንግዳ የመጨረሻውን ቀን ደሴ ውሎ ማታ ይወርዳል። በክረምት ይህን አታድርጉ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ሲመሽ ጉም ይወርድበታል፤ ከፊት ያለው የጭነት መኪና መብራት አሥር ሜትር ላይ ሲደርስ ነው የሚታየው። ወይ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ውረዱና ኮምቦልቻ እደሩ፣ ወይ ደሴ አድራችሁ በጠዋት ተነሱ። በጠዋት ከወረዳችሁ በመስኮት በኩል ለመቀመጥ ሞክሩ፤ ሾፌሩንም ቀስ በል በሉት። ጉሙ ከገደሉ እየተነሳ ኮምቦልቻ ከታች ስትታይ ሹራባችሁን ማውለቅ ትጀምራላችሁ።