ፊክስድ ታሪፋችሁ ሲያልቅ የመብራትና የጋዝ ሰፕላየር እንዴት ይቀየራል (እንግሊዝ ላለን)

አገር ቤት መብራት ኃይል አንድ ነው፣ ወደድክም ጠላህም እሱው ነው። እዚህ እንግሊዝ ግን መብራትና ጋዝ የሚሸጥልህን ኩባንያ ራስህ ነው የምትመርጠው፣ ፊክስድ (ዋጋው ለተወሰነ ጊዜ የማይለወጥ ታሪፍ) የገባህበት ጊዜ ሲያልቅ ዝም ካልክ ደግሞ ኩባንያው ራሱ ስታንዳርድ ቫሪያብል ወደሚሉት፣ ዋጋው ወደሚወጣና ወደሚወርድ ታሪፍ ያዞርሃል። ብዙ ሰው የማይቀይረው ስቀይር መብራት ይጠፋብኛል፣ ሰው መጥቶ ቆጣሪ ይነቅላል ብሎ ፈርቶ ነው። ማንም አይመጣም። ሽቦው ያው ነው፣ ቧንቧውም ያው፣ ቆጣሪውም ያው፣ የሚቀየረው ቢል የሚልክላችሁ ኩባንያ ብቻ ነው። መብራት ቢጠፋም የሚደወለው 105 ነው፣ ያ ደግሞ የሽቦው ባለቤት ጋ ነው የሚሄደው እንጂ ሰፕላየራችሁን አይመለከተውም።

እኔ እስካሁን ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ያለቀ ነገር ነው፣ የመጀመሪያው ግን 300 ፓውንድ አካባቢ ዱብ ዕዳ አምጥቶብኛል፣ እሱን ነው ዋናው የምነግራችሁ።

1. ቀኑን እወቁ

ፊክስዱ የሚያልቅበት ቀን ቢሉ ላይ ወይ አፑ ውስጥ ተጽፏል። ሊያልቅ ከ42 እስከ 49 ቀን ሲቀረው ኩባንያው ማሳወቅ አለበት፣ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ የሚመስል ኢሜይል ስለሆነ ሳይነበብ ይሰረዛል። ከ49ኛው ቀን ጀምሮ ብትለቁ ኤግዚት ፊ፣ ማለትም ቀድሞ የመልቀቂያ ቅጣት፣ ሊያስከፍሏችሁ አይችሉም። ከዚያ በፊት ከለቀቃችሁ ግን ለመብራቱ ለብቻ፣ ለጋዙ ለብቻ ሊቆርጡ ይችላሉ። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ከማለቂያው ሰባት ሳምንት በፊት አላርም ሙሉ፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

2. በዓመት ስንት እንደምትጠቀሙ አውጡ (እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት)

ማወዳደሪያ ዌብሳይቶች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ትጠቀማለህ ነው። እኔ ቢሌን አየሁ፣ መብራት 2,100 ይላል፣ ሞላሁ፣ በወር 60 ፓውንድ የሚል ቆንጆ ኦፈር መጣልኝ፣ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ያላየሁት ነገር ምን መሰላችሁ፣ ቢሉ ላይ ከንባቡ አጠገብ አንዲት ፊደል አለች፣ "ኢ" (E) የምትል፣ ኤስቲሜት፣ ግምት ማለት ናት። ቆጣሪያችን ያለው ፍላቱ መግቢያ ላይ ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ ወደዚያ ቤት ከገባን ጀምሮ 11 ወር ሙሉ አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም። ኩባንያው ቢል ሲልክ የነበረው በግምት ነው፣ ግምቱም ከእኛ በፊት ብቻውን ይኖር ከነበረ ሰውዬ የተወረሰ ነው። እኛ ደግሞ አምስት ነን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ምጣድ ለሰዓታት ይነዳል፣ ልብስ ማድረቂያው አያርፍም፣ ክረምቱን ሙሉ የሕፃኑ ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሂተር ነበረ። እውነተኛው ፍጆታችን በዓመት 3,400 አካባቢ ነበር።

የቀየርኩ ዕለት አዲሱ ኩባንያ ንባብ ላክ አለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁምሳጥኑን ከፍቼ የቆጣሪውን ፎቶ ላክሁ። ከዚያ ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። የድሮው ኩባንያ 11 ወር በግምት ያሳነሰውን ደምሮ የመጨረሻ ቢል ላከ፣ 300 ፓውንድ አካባቢ። አዲሱ ደግሞ ከጥቂት ወር በኋላ የምትጠቀመው ከነገርከን በላይ ነው ብሎ የመብራቱን ዳይሬክት ዴቢት ከ60 ወደ 88 አወጣው። ደውዬ ጮህኩ፣ ግን ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ መብራቱን እኛው ነን የበላነው።

እንግዲህ ከማወዳደራችሁ በፊት ቢሉን ገልብጣችሁ እዩ። ከንባቡ ጎን "ኢ" ካለ ቁጥሩን አትመኑ። ዛሬ ቆጣሪውን አንብባችሁ ላኩ፣ ትክክለኛ ቢል ይምጣ፣ ከዚያ አወዳድሩ። ቤቱ ውስጥ አንድ ዓመት ካልሞላችሁ ደግሞ በገባችሁበት ቀን የነበረውን ንባብ ከዛሬው ቀንሱና በወር እያካፈላችሁ ገምቱ፣ ግን ጋዝ በክረምትና በበጋ ሰማይና ምድር ስለሆነ የበጋውን የጁላይ ወር በ12 አታባዙት፣ ይሸውዳችኋል።

አነባበቡ ራሱ ቀላል ነው፣ ጥቁሮቹን ቁጥሮች ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከነጥብ በኋላ ያለውን ወይ ቀዩን መተው። ሦስት ማስጠንቀቂያ ብቻ። አንደኛ ፍላት ላይ ስድስት ሰባት ቆጣሪ ተደርድሮ ከሆነ መለያ ቁጥሩን ከቢላችሁ ጋር አስተያዩ፣ የጎረቤትን ቆጣሪ ማንበብ የተለመደ ነገር ነው። ሁለተኛ የማታና የቀን ዋጋ የተለያየበት ኢኮኖሚ ሰቨን ካላችሁ ሁለት ንባብ አለ፣ አታምታቱት። ሦስተኛው ጋዝ ነው። የጋዝ ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎዋት ሳይሆን መጠን ነው። አዲሶቹ በሜትር ኪዩብ ይቆጥራሉ፣ አንዱ ወደ 11 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። የድሮዎቹ ደግሞ በመቶ ኪዩቢክ ፊት ናቸው፣ እዚያ አንዱ ወደ 32 ነው። ኩባንያው የናንተን ቆጣሪ በተሳሳተ ዓይነት መዝግቦት ከሆነ ቢሉ ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ቆጣሪው ላይ የተጻፈውና ቢሉ ላይ ያለው አንድ መሆኑን አንዴ እዩ።

ንባቡን ራሱ የሚልክ ስማርት ሚተር ያላችሁ ይሄን ሁሉ ዝለሉት፣ ግን እሱም አንዳንዴ ንባብ መላክ ያቆማል፣ ቢሉ ላይ "ኢ" መኖር አለመኖሩን እናንተም እዩ።

3. አወዳድሩ፣ ግን የወሩን ክፍያ አትዩ

የወር ዳይሬክት ዴቢት ዋጋ አይደለም፣ ግምት ነው። ዋጋው ሁለት ቁጥር ነው፦ ዩኒት ሬት፣ ማለትም የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ፣ እና ስታንዲንግ ቻርጅ፣ ባትጠቀሙም በየቀኑ የሚቆጠረው። ስልካችሁ ላይ ያለ ካልኩሌተር ይበቃል። ለምሳሌ አንዱ ታሪፍ ዩኒቱ 24 ፔንስ፣ የቀኑ 60 ፔንስ ነው እንበል፣ ሌላው ዩኒቱ 26፣ የቀኑ 45። በዓመት 3,400 ለሚጠቀም የመጀመሪያው 816 ሲደመር 219፣ 1,035 ፓውንድ ነው። ሁለተኛው 884 ሲደመር 164፣ 1,048። የመጀመሪያው ይሻላል። ብቻውን ኖሮ 1,500 ለሚጠቀም ግን ይገለበጣል፣ 579 እና 554 ይሆናል። ስለዚህ ጓደኛዬ ርካሽ አገኘሁ አለኝ ብላችሁ ዘላችሁ አትግቡ፣ የሱ ቤትና የናንተ ቤት አንድ አይደለም። ዋጋው በየአካባቢውም ይለያያል፣ ለንደን ያለና ሊድስ ያለ ሰው አንድ ኩባንያ ሆነው ሁለት ዋጋ ሊከፍሉ ይችላሉ።

ማወዳደሪያ ዌብሳይቶቹን፣ ዩስዊችንም ሌሎቹንም፣ እጠቀማለሁ፣ ግን ኮሚሽን ስለሚያገኙ በሱ በኩል መቀየር የሚቻለውን ብቻ መጀመሪያ የሚያሳዩበት ጊዜ አለ፣ ሁሉንም ታሪፍ አሳየኝ የሚለውን ፈልጋችሁ ንኩት። መብራትና ጋዝ የግድ አንድ ቦታ መሆን የለባቸውም፣ እኔ ግን ሁለት አፕ ስለሚያደክመኝ አንድ ላይ ነው የማደርገው። በር እያንኳኳ የሚመጣ ሻጭ ላይ ግን አቋሜ አንድ ነው፣ ቢል አታሳዩት፣ በሩን ዝጉ።

ፕራይስ ካፕ የሚባለውን ነገር ብዙ ሰው የሚረዳው በስህተት ነው። የመብራትና የጋዝ ኩባንያዎች ተቆጣጣሪው ኦፍጌም በየሦስት ወሩ፣ በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር ያወጣዋል፣ ዜናው ላይ የሚነገረው ፓውንድ ደግሞ ለአማካይ ቤት የተሰላ እንጂ ከዚያ በላይ አትከፍሉም ማለት አይደለም። ጣሪያው የስታንዳርድ ቫሪያብሉ ዩኒትና ስታንዲንግ ቻርጅ ነው፣ ብዙ ካነደዳችሁ ብዙ ትከፍላላችሁ። ፊክስድ ልግባ አልግባ ስትሉ የምታወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው። ደግሞ ይወርዳል ይወጣል፣ በኤፕሪል 2025 ለአማካዩ ቤት በዓመት 1,849 ፓውንድ ነበር፣ በጁላይ 1,720 ሆነ። ካፑ ከፍ ባለበት ሳምንት ደንግጦ ከካፑ በላይ ፊክስድ የገባ ሰው አውቃለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጨው ኖረ። የኔ ደንብ ፊክስዱ አሁን ካለው ካፕ ግልጽ በሆነ መጠን ካልወረደ አልገባም፣ ኤግዚት ፊውም ትልቅ ከሆነ አልነካውም።

4. አመልክቱ

አድራሻ፣ የባንክ ቁጥር፣ በቃ። አድራሻችሁ ሲወጣ የፍላቱ ቁጥር ትክክል መሆኑን ብቻ አረጋግጡ፣ ከተጠራጠራችሁ ቢሉ ላይ ያለውን ኤምፓን የሚሉትን 13 አሃዝ ቁጥር አስተያዩ፣ ለጋዝ ደግሞ ኤምፒአርኤን። የድሮው ኩባንያ ጋ መደወል አያስፈልግም፣ አዲሱ ነው የሚጨርሰው። አምስት የሥራ ቀን ይፈጃል፣ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ 14 ቀን የመሰረዝ መብት አላችሁ።

ቤት የምትከራዩም ብትሆኑ ቢሉን የምትከፍሉት እናንተ ከሆናችሁ መቀየር ትችላላችሁ፣ ላንድሎርዱን በትህትና አሳውቁት። ዕዳ ካለባችሁና ከ28 ቀን ካለፈ ግን የድሮው ኩባንያ ሊያግዳችሁ ይችላል። በቁልፍ ወይ በካርድ እየሞሉ የሚጠቀሙ ሰዎች እስከ 500 ፓውንድ ዕዳ፣ ለመብራቱም ለጋዙም ለየብቻ፣ ይዘው መሄድ ይችላሉ። ዋርም ሆም ዲስካውንት የሚሉትን የቢል ቅናሽ የምታገኙ ከሆነ አዲሱ ኩባንያ ቅናሹን የሚሰጥ መሆኑን ጠይቁ፣ 150 ፓውንድ በቀላሉ አይጣልም። ሕፃን ወይ የታመመ ሰው ቤት ስላለ ፕራዮሪቲ ሰርቪስ የሚሉት የቅድሚያ እርዳታ መዝገብ ላይ ተመዝግባችሁ ከነበረም ለአዲሱ እንደገና ንገሩ።

5. የቀየራችሁበት ቀን ፎቶ አንሱ

ቆጣሪው ላይ ቁጥሩም መለያ ቁጥሩም አብሮ እንዲታይ አድርጋችሁ፣ መብራቱንም ጋዙንም። ለአዲሱ ኩባንያ ላኩ፣ ፎቶውን አታጥፉት። ሁለቱ ኩባንያዎች በተለያየ ቁጥር ቢጣሉ የሚያስታርቃችሁ እሱ ነው።

6. የመጨረሻው ቢል

የድሮው ኩባንያ በስድስት ሳምንት ውስጥ የመጨረሻ ቢል መላክ አለበት፣ ትርፍ ገንዘብ ካላችሁ ከዚያ በኋላ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይመልሳል። እስከዚያ ዳይሬክት ዴቢቱን ባንክ ገብታችሁ አትሰርዙት፣ ተመላሹ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚያው መንገድ ነው። እንደኔ ዱብ ዕዳ ከመጣባችሁ ደግሞ ደውላችሁ በየወሩ ከፋፍሉልኝ በሉ፣ እኔ በስድስት ወር ነው የጨረስኩት። ከ12 ወር በፊት የተጠቀማችሁትን ያኔ በትክክል ሳያስከፍሉ ዛሬ ሊጠይቋችሁ አይችሉም፣ ቆጣሪ እንዳያነቡ የከለከላችሁት እናንተ ካልሆናችሁ በቀር፣ ስለዚህ ቢሉ ላይ ቀኖቹን ቁጠሩ።

አንድ የረሳሁት፣ ኩሽና ላይ የምትቀመጠው የስማርት ሚተሩ ትንሽ ስክሪን ከቀየራችሁ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የድሮውን ዋጋ ልታሳይ ትችላለች። እናቴ ምጣድ ስትለኩስ ቀይ ስትበራባት ደንግጣ ልትነቅላት ነበር፣ ተዪ እማዬ፣ የቆየ ዋጋ ነው ብዬ ነው ያስጣልኳት።