አሮጌ ሞተር በግቢ ሲታደስ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት የሚፈጸመው ገና አንድ ቡሎን ሳይፈታ ነው። «ጉልበት የለውም፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ይባልና ሞተሩ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ግን ፋሻው ደህና ነው፤ ያታለለው ከፍታው ነው።

የኮምፕሬሽን ልክ (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ሲነበብ ይህ በግልጽ ይታያል። በመመሪያ መጽሐፍ የሰፈረው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ያንሳል። መጽሐፉ በካሬ ሴንቲሜትር 12 ኪሎ የሚለው ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 9 አካባቢ ቢያሳይ አይደንግጡ፤ ኮምቦልቻ ወርደው ቢለኩት ከፍ ይላል። ዋናው ነገር የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ነው። ሲለኩ ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉም ይውጡ፣ ባትሪው ይሙላ፣ የቤንዚን ፔዳሉም እስከ መጨረሻው ይረገጥ። አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ከዘለለ ጥርጣሬው ወደ ፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ክዳንና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይሂዱ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

ጭስን ሁሉ እንደ አንድ ማየት ሌላው ስህተት ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በማርሽ ይዘው ሲወርዱ ቆይተው ታች ላይ ቤንዚን ሲሰጡ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ካለ፣ ዘይቱ የሚገባው በአብዛኛው በቫልቭ ጎማዎቹ ነው። እነዚህን ለመቀየር ሞተር ማውረድ አያስፈልግም፤ ያለ በቂ ምክንያት ሙሉ ሞተር አስፈትቶ ገንዘቡን የሚጨርስ ሰው ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። ዳገቱን ሲወጣ ሳያቋርጥ ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ግን ፋሻና ሲሊንደር ይጠርጠሩ። ጥቁር ጭስ የካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ጉዳይ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ስስ አየር ላይ ቤንዚን ያበዛል።

መፍታት ግድ ከሆነ ቴስታታውን በሙቀቱ አይንኩት። ቡሎኖቹ ከዳር ወደ መሀል በየተራ ይላላሉ፤ ሲጠብቁ ደግሞ ከመሀል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ የጥብቀት መጠን በሚለካ ቁልፍ። በክንድ ግምት የጠበቀ ቴስታታ ውሎ አድሮ ውሃ ማሳለፉ አይቀርም። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረ ዘይት ወይም ውሃ ካለ ቡሎኑ ሲጠብቅ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላልና በአየር ይንፉ። ሞተሩ ከዚህ በፊት አፍልቶ ከሆነ ቴስታታው መጣመሙን በቀጥተኛ ብረትና በስስ የክፍተት መለኪያ ይፈትሹ። በብዙ ሞተሮች የተፈቀደው 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ካለፈ ቶርኖ ቤት ይላካል።

የብሮንዚኒ (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ማረፊያ) ክዳኖች እርስ በርስ አይለዋወጡም። ከመፍታትዎ በፊት ቁጥርና አቅጣጫ ምልክት ያድርጉባቸው።

አዲስ ፋሻን ከካርቶኑ አውጥቶ በቀጥታ ፒስተን ላይ ማልበስ በየግቢው የሚታይ ነው። በመጀመሪያ ፋሻውን ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ ያስገቡና በተገለበጠ ፒስተን ወደ ታች ገፋ አድርገው ያስተካክሉት፤ ከዚያ የሁለቱን ጫፎች ክፍተት ይለኩ። ለ75 ሚሊሜትር ሲሊንደር ከ0.25 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ይጠበቃል፤ ትክክለኛውን ከመጽሐፉ ያረጋግጡ። ጠባብ ከሆነ ፋሻው ሲሞቅ ጫፎቹ ይገናኙና ሲሊንደሩን ይቧጥጣሉ።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ግቢ ውስጥ ለሰዓታት በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጡ በዝቅተኛ ዙር) ማስነሳት እንደ እንክብካቤ ይቆጠራል፤ ጉዳቱ ግን ይበዛል። ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው መጠነኛ ጭነት ሲያገኝ ነው። ሐረጎን ወዲያው አያስወጡት፤ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ባለው መንገድ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ይንዱት። የመጀመሪያው ዘይትና ማጣሪያ በ500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀየር፤ የወጣውንም ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርገው የብረት ብናኝ ይፈልጉበት።