ጄስት የፓኬጅን «ኢምፖርት» አላነብም ሲል ቴስትን እንዴት ማስተካከል ይቻላል

ፕሮግራሙ በብሮውዘር ላይ ያለ እንከን እየሠራ ሳለ፣ ጄስት የተባለው የጃቫስክሪፕት ኮድ መፈተሻ አንዲት ቴስት እንኳ ሳያስኬድ የኢምፖርት ትእዛዝን ከሞጁል ውጭ መጠቀም እንደማይቻል ገልጾ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ይህን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ የራሱን ኮድ መመርመር ይጀምራል። አስቀድመው ግን ከስሕተቱ ጋር የተጻፈውን የፋይል አድራሻ ይመልከቱ፤ በአድራሻው ውስጥ ፓኬጆች (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው ኮዶች) የሚቀመጡበት ኖድ ሞጁልስ የሚለው ፎልደር ካለ፣ ጄስትን ያቆመው እርስዎ የጻፉት ሳይሆን ከፎልደሩ ቀጥሎ ስሙ የሚገኘው ፓኬጅ ነው።

ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያስኬደው ኖድ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ ይዞት የመጣው የኮመንጄኤስ አሠራር ሌላ ፋይልን ለመጥራት «ሪኳየር»ን ሲጠቀም፣ በ2015 በቋንቋው ደንብ የገባው ኢኤስ ሞጁል ደግሞ «ኢምፖርት»ንና «ኤክስፖርት»ን ይጠቀማል። ጄስት ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር ኮድን የሚያስኬደው በኮመንጄኤስ ነው። የእርስዎ ኮድ በ«ኢምፖርት» ተጽፎም የሚያልፈው ባቤል የተባለው ኮድ ቀያሪ አስቀድሞ ወደ ኮመንጄኤስ ስለሚቀይረው ሲሆን፣ በኖድ ሞጁልስ ውስጥ ያለው ግን ለባቤል ሳይሰጥ እንዳለ ይነበባል። ብሮውዘሩ ላይ ችግሩ ያልታየው ኮድን ለብሮውዘር አዋሕደው የሚያዘጋጁት ዌብፓክና መሰሎቹ ሁለቱንም አሠራር ስለሚያውቁ ነው።

ብዙዎችን ያጋጠመው ከሰርቨር ጋር ለመነጋገር የሚያገለግለው የአክሲዮስ ፓኬጅ ጉዳይ ነው። አክሲዮስ ከ1.0 ጀምሮ ዋና መግቢያውን ኢኤስ ሞጁል አድርጎ፣ የኮመንጄኤስ ቅጂውን ደግሞ በፓኬጅ ጄሰን ፋይሉ ውስጥ «ኤክስፖርትስ» በሚባለው ክፍል አመልክቷል። ጄስት 27 ይህን ክፍል ስለማያነብ ቀጥታ ወደ ዋናው መግቢያ ሄዶ ይወድቃል፤ የሪአክት ፕሮጀክት ማስጀመሪያው ክሪኤት ሪአክት አፕ 5 ይዞት የሚመጣውም ይኸው ጄስት 27 ነው። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ጄስትን ወደ 28 ወይም ከዚያ በላይ ማሳደግ ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ ነው። ማሳደግ ካልተቻለ፣ በጄስት ማዋቀሪያ ውስጥ «ሞጁል ኔም ማፐር» በሚለው ሥር የአክሲዮስ ስም ፓኬጁ ውስጥ ወዳለው የኮመንጄኤስ ፋይል እንዲያመራ ያድርጉ፤ ፋይሉ «ዲስት» ከሚለው ፎልደር ውስጥ «ኖድ» በሚለው ሥር ይገኛል።

እንደ ቾክ 5 ያለ፣ ከነጭራሹ የኮመንጄኤስ ቅጂ የሌለው ፓኬጅ ሲሆን ግን የሚያመራበት ፋይል ስለሌለ ባቤል እንዲቀይረው ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው «ትራንስፎርም ኢግኖር ፓተርንስ» የተባለው ማዋቀሪያ ነው፤ ኖድ ሞጁልስ በሙሉ ይታለፍ የሚለውን ነባር ደንብ «ከእነዚህ ፓኬጆች በቀር» በሚል ይተኩታል፤ ይህም በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (ጽሑፍን በንድፍ መፈለጊያ አጻጻፍ) ቅንፍ ከፍቶ የጥያቄ ምልክትና ቃለ አጋኖ በማስቀደም ይጻፋል። ደንቦቹ ብዙ ሲሆኑ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ቢገጥም እንኳ ፋይሉ ይታለፋልና፣ ለእያንዳንዱ ፓኬጅ የየራሱን መስመር አይጻፉ፤ ስሞቹን ሁሉ በአንድ ደንብ ውስጥ በቋሚ መስመር እየለዩ ያስገቡ። አንዱ ሲስተካከል እሱ የሚጠራው ሌላ ፓኬጅ በተራው ሊወድቅ ስለሚችል፣ በአዲሱ ስሕተት ላይ የሚታየውን ስም እየጨመሩ ይቀጥሉ። ደንቡን ጨርሶ አጥፍቶ ሁሉንም ለባቤል መስጠት ቀላል ቢመስልም ቴስቱን እጅግ ያዘገየዋል፤ እኔ አልመክረውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስሕተቱ ካልተለወጠ የባቤልን ፋይል ስም ይመልከቱ። እኔ ግማሽ ቀን ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነበር፤ ደንቤ ትክክል ሳለ፣ የባቤል ትእዛዞቼ የተጻፉት በነጥብ በሚጀምረው «ባቤል አርሲ» ፋይል ውስጥ ነበር። ያ ፋይል የሚያገለግለው ለራሱ ፓኬጅ ብቻ በመሆኑ ኖድ ሞጁልስ ውስጥ አይደርስም። ትእዛዞቹን በፕሮጀክቱ ሥር «ባቤል ኮንፊግ» ወደሚባለው ፋይል ያዛውሩ። ፓኬጆችን ለመጫን ፒኤንፒኤምን የሚጠቀሙ ከሆነም ፓኬጆቹ በኖድ ሞጁልስ ውስጥ በነጥብ በሚጀምር ሌላ ፎልደር ሥር ስለሚቀመጡ፣ የጻፉት ደንብ ያንን አድራሻ ጭምር የሚያቅፍ መሆኑን ያረጋግጡ።