ለበጎ አድራጎት ጨረታ፣ ሰው እጁን የሚያነሳበት ዕቃ ከየት ይመጣል?

ለጨረታ ዕቃ ስትሰበስቡ ከሁሉ በፊት ይህችን ያዙ፦ ሰው የሱቅ ዋጋውን የሚያውቀው ዕቃ ከሱቅ ዋጋው ብዙም አያልፍም። ብሌንደር፣ ስልክ፣ ብርድ ልብስ መድረክ ላይ ብትደረድሩ ተጫራቹ በልቡ "ይሄን እኮ መርካቶ በዚህን ያህል አገኘዋለሁ" ይላል፣ እዚያች ዋጋ ላይ ሲደረስም እጁን ያወርዳል። ብር የሚያመጣው ማንም ዋጋ ያልቆረጠለት ነገር ነው።

በዓመት ንግሥ የቤተ ክርስቲያን ጨረታ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንድ ጃንጥላ ከሱቅ ዋጋው ስንት እጥፍ ይሸጣል፣ ያሸነፈው ሰው ደግሞ "መልሼ ሰጥቻለሁ፣ እንደገና ለጨረታ ይቅረብ" ይላል፣ ያው ጃንጥላ ሁለቴ ሦስቴ ይሸጣል። እዚያ የሚጫረተው ለበረከቱ ነው፣ በሰፈሩ ሰው ፊት ስሙ እንዲነሳም ነው። ለሕፃናት ማሳደጊያም ሆነ ለኩላሊት እጥበት ገንዘብ ስታሰባስቡ ይኸው ስሜት ነው የሚሠራው።

ዕቃ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት አዳራሹ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። ጊዮን ሆቴል አዳራሽ ተከራይታችሁ የኩባንያ ኃላፊዎችን ብትጠሩ የሚጓጉለት ነገር፣ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ግቢ ወላጆችን ብትሰበስቡ ከሚጓጉለት ይለያል። ለወላጆች የራሳቸውን ልጆች ሥዕል የሚያህል የለም። የአንድ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ በአንድ ሸራ ላይ አብረው ይሳሉ፣ እያንዳንዱ ልጅ ከጥግ ስሙን ይጻፍ፣ ከዚያ ፍሬም አስገብታችሁ አቅርቡ። አባትና አያት እርስ በርስ ሲጫረቱ ታያላችሁ።

የሚያሳዝነኝ ብዙ ኮሚቴ የሰው ሙያና ጊዜ ትልቅ ስጦታ መሆኑን ረስቶ ዕቃ ብቻ ሲያሳድድ ነው። በሰፈራችሁ ያለች የሠርግ ምግብ የምትሠራ ሴት "ለአሥራ ሁለት ሰው የሚበቃ ዶሮ ወጥ ቤታችሁ መጥቼ እሠራለሁ" ብትል ያንን የትኛውም ሱቅ አይሸጠውም። ክራር ተጫዋች አንድ ምሽት በልደት ዝግጅት ላይ ይጫወት። ፎቶግራፈር የአንድ ቤተሰብን ሦስት ትውልድ በአንድ ፎቶ ያንሳ። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ለአንድ ልጅ አንድ ወር ያስጠኑ። አትሌት የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ አትጠይቁት። አንድ ጠዋት እንጦጦ ላይ ከአሸናፊው ጋር እንዲሮጥ ጠይቁት። ለእሱ የተለመደ ልምምዱ ነው፣ ለአሸናፊው ግን ዕድሜ ልኩን የሚያወራው ጠዋት ይሆናል።

ማሊያና ቲሸርት የሚያዋጣው ፊርማ ሲኖርበት ነው። ታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄድ ስለሆነ ቲሸርቱ በየቤቱ ሞልቷል፣ ባዶውን ብታቀርቡ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሲፈረም ግን ፎቶ አንሱና ፎቶውን ከቲሸርቱ ጋር አንድ ፍሬም ውስጥ አስገቡት፣ አለበለዚያ "ማን ያውቃል ራሳቸው ፈርመውበት እንደሆነ" የሚል አይጠፋም። የእግር ኳስ ከሆነ የጊዮርጊስንና የቡናን ማሊያ ተከታትሎ ማቅረብ ጥሩ ነው። ጊዮርጊስ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክለብ ነው፣ ደጋፊው ለማሊያው የሚከፍለው በጨርቁ ልክ አይደለም። የቡና ደጋፊም በተራው ከዚያ አንሶ መገኘት አይፈልግም።

አሁን አሁን ከሁሉ በላይ የምመክረው የድሮ ፒያሳን ፎቶ ነው። ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ እዚያ ያደገ ሰው ሁሉ የሰፈሩን ምስል ይፈልጋል። የድሮ ፎቶ ቤት ባለቤቶችንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ብዙ አለ። ኦሪጅናሉን አትውሰዱባቸው። በጥራት ስካን አድርጉና መልሱ፣ በትልቁ አሳትሙ፣ ከሥሩም ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ። ፎቶውን ያነሳው ሰው ወይም ቤተሰቡ ካለ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ተነስቶ "ያቺ በር የእኛ ናት" ካለ ሌላ አጫራች አያስፈልጋችሁም።

ሥዕል ከፈለጋችሁ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አሉላችሁ። ግን በነፃ አምጡ ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ተማሪ ሸራና ቀለም የሚገዛው ከኪሱ ነው። መነሻ ዋጋውን ለሠዓሊው ስጡ፣ ከዚያ በላይ የመጣው ለዓላማው ይሁን። ይህን ከመጀመሪያው ብትነግሯቸው የተሻለ ሥራቸውን ነው የሚያመጡላችሁ።

ሽሮ ሜዳ ጋቢ ስትገዙ ወይም በስጦታ ስትቀበሉ ዝርግት አድርጋችሁ ብርሃን ላይ እዩት። ጥለቱ ከሁለቱም ጫፍ እኩል ነው ወይ? መጋጠሚያው ላይ ስፌቱ ይሳሳባል ወይ? ከዚያ ሸማኔውን አነጋግሩት፣ ስንት ቀን እንደፈጀበት፣ ጥለቱን ከማን እንደተማረ ጠይቁት። ያንን አጫራቹ መድረክ ላይ ሲናገረው ጋቢው ባለቤት ያለው ጋቢ ይሆናል። ዝም ብሎ "ጋቢ፣ አንድ ፍሬ" ብሎ ማቅረብ የሸማኔውንም ድካም ማባከን ነው።

ሙክት በግ ሁልጊዜ ይሠራል፣ ወቅቱን ግን እዩ። በሁዳዴ መሀል በግ አይቀርብም፣ በፋሲካ ሳምንት ግን ጨረታውን የሚያሟሙቅ እንደ በግ የለም።

የሆቴል ኩፖን ሲሰጣችሁ አመስግናችሁ ኪስ አትክተቱት፣ እዚያው ቁማችሁ አንብቡት። እስከ መቼ ነው የሚያገለግለው? ቅዳሜና እሑድን ይጨምራል? በዓል ላይ ይሠራል? ለስንት ሰው ነው? ቁርስ አለው? የእራት ግብዣ ከሆነ የጾም ምግብ አላቸው? ማኅተምና ፊርማ ከሌለው አስደርጉበት። አሸናፊው ቢሾፍቱ ድረስ ሄዶ "ይህን አናውቅም" ከተባለ የሚወቀሰው ሆቴሉ ብቻ አይደለም፣ የእናንተም ስም አብሮ ይነሳል።

የማትቀበሉት ነገርም ይኑር። የብራና መጽሐፍ፣ የቆየ መስቀል፣ ጥንታዊ ሥዕል ይዞ የሚመጣ ሰው ከቀና ልብ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ግን አትንኩት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ገዢያችሁ ደግሞ የውጭ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሰጪውን ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ምሩት። ከቸርችል ጎዳና ሱቆች ማሪያ ቴሬዛ የሚባለውን የድሮ የብር ሳንቲም የሚያመጣላችሁም ይኖራል። ላዩ ላይ 1780 ስላለ ብቻ "ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው" እንዳትሉ፣ ከዚያ በኋላ በየዘመኑ የተመታውም ያው 1780 ነው ያለበት። ለሰብሳቢ ሰው ከዋናው ፖስታ ቤት የተገዛ የኢትዮጵያ ቴምብር ስብስብ በጥሩ አልበም ቢቀርብ ይሻላል፣ ምንጩም ግልጽ ነው።

ስትለምኑ በአካል ሂዱ፣ ሁለት ሆናችሁ። በቴሌግራም የተላከ ደብዳቤ ተነብቦ ይቀራል። ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ ነጋዴ ፋታ የለውም፣ በሳምንቱ መሀል ረፋድ ላይ ይሻላል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያዙ። "ጋሼ፣ እንደምን አደሩ፣ ብር ልንጠይቅዎት አይደለም የመጣነው፣ ከእጅዎ ሥራ አንዷን ለዚህ ጉዳይ እንዲሰጡን ነው" ብላችሁ ጀምሩ። ብር ሲጠየቅ ፊቱ የሚጠቁር ሰው የእጁ ሥራ ሲጠየቅ ደስ ብሎት መደርደሪያውን ያሳያችኋል። ይሰጣል ካለ "መቼ እንምጣ?" አትበሉ፣ ከተቻለ ያኔውኑ ተቀበሉና ደረሰኝ ስጡት። ድርጅት ከሆነ የሂሳብ ሠራተኛቸው የምስጋና ደብዳቤ ሊፈልግ ይችላል፣ አስቀድማችሁ አዘጋጁት።

ዕጣ አድርገን ትኬት እንሽጥ የሚል ሐሳብ ከመጣ መጀመሪያ ብሔራዊ ሎተሪ ዘንድ ስለ ፈቃዱ ጠይቁ። ጨረታና ዕጣ አንድ አይደሉም።

በአንድ ምሽት ከአሥራ አምስት ዕቃ በላይ አታቅርቡ፣ ሰው ይደክመዋል። ቀለል ያሉትን አስቀድሙ፣ ትልቁን ዕቃ መጨረሻ ላይ አታድርጉ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እንግዳው ትራንስፖርት ነው የሚያስበው። እራት እንደቀረበ፣ ሰው ተጨዋውቶ ሲሞቅ፣ ያኔ አውጡት። መነሻ ዋጋው ዝቅ ይበል፣ ብዙ እጅ ይነሳ። ክፍያው እዚያው በቴሌብር ወይም በባንክ ይግባ፣ መልእክቱ ሳይደርስ ዕቃው ከጠረጴዛው አይነሳ። ቃል ብቻ ገብቶ የሄደን ሰው በኋላ መደወል ለሁለቱም ወገን ከባድ ነው።

በሳምንቱ ውስጥ ዕቃ ወደሰጣችሁ ሰው ሁሉ ተመለሱና በስንት እንደተሸጠ ንገሩት፣ ብሩ ምን እንደሠራም ንገሩት። ሸማኔው ጋቢው ስንት እንዳወጣ ሲሰማ ለሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚሠራላችሁ እዚያው ማሰብ ይጀምራል።