የደረቀች ጤና አዳም እንዴት ትመለሳለች?

ለገና ቤተሰብ ጋ ሄጄ 3 ሳምንት ቆየሁ። ደብረ ብርሃን ስመለስ በረንዳዬ ላይ ያለችው ጤና አዳም ክው ብላለች። ጥር ላይ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ነው። ውሃ አጠጪልኝ ብዬ አደራ ያልኳት ጎረቤቴ ረስታዋለች። ቅጠሏን ለቡናዋ መቀንጠስ ግን አልረሳችም!

ለመጣል አትቸኩሉ። ግንዷን በጥፍር ጫር አድርጉት። ከቅርፊቱ ስር አረንጓዴ ከታየ ነፍስ አላት።

ከላይ ውሃ ማፍሰስ ብቻውን ከንቱ ልፋት ነው። አፈሩ ሲደርቅ ይሰበሰብና ከጣሳው ጠርዝ ይላቀቃል። ውሃው በዚያ ክፍተት ሾልኮ ይወርዳል፤ ሥሩ ጋ አይደርስም። የኔዋ ያለችው በዘይት ጣሳ ነው፤ ታቹን በሚስማር በስቼዋለሁ። ከነጣሳዋ ሳፋ ውሃ ውስጥ ነከርኳት። ቡልቅ ቡልቅ አለች። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ላዩ ሲረጥብ አውጥቼ አንጠፈጠፍኳት።

ከዚያ የሞተውን ቅርንጫፍ እስከ አረንጓዴው ቁረጡ። ማዳበሪያ አሁን አትጨምሩ፤ የተጎዳ ሥር ያቃጥላል። ቀን ጥላ ስር፣ ማታ ቤት ውስጥ ትደር። ጣታችሁን ሰክታችሁ አፈሩ ደረቅ ሲሆን ብቻ ድገሟት።

በ15ኛው ቀን ከግንዷ ታች ሁለት ለጋ ቅጠል ብቅ አለ። ለጎረቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም።