ታቦር ላይ ወጥቶ ሐዋሳን ማየት፦ ጉዞውን እንዴት እናቅድ?

ሐዋሳ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ሐይቁን ዳር ዳሩን ዞሮ፣ ዓሣውን በልቶ፣ ጀልባ ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ሐይቁ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ከተማዋ እንዴት አጠገቡ እንደተዘረጋች ሳያይ ነው የሚሄደው። ለዚያ ከከተማው መራቅ አያስፈልግም፤ ታቦር ተራራ እዚያው ውሃው ዳር ቆሟል።

በሌላ አገር ከተማ መሐል እንዲህ ያለ ኮረብታ ሲኖር በብረት ገመድ የሚሳብ ባቡር የሚዘረጋበት ጊዜ አለ። ሁለት ፉርጎዎች በአንድ ገመድ ጫፍና ጫፍ ይታሰራሉ፤ አንዱ ሲወርድ ክብደቱ ሌላውን ወደ ላይ ለመሳብ ያግዛል። ታቦር ላይ የሚያወጣችሁ ግን የገዛ እግራችሁ ነው። ስለዚህ የዚህ ጉዞ ዕቅድ ዋናው ነገር ሰዓት ነው።

ይህን የተማርኩት በእናቴ ነው። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ምሳ ከበላን በኋላ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይዣት ወጣሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ክፍት ጫማ ተጫምታ፣ ግማሽ መንገድ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። «ልጄ፣ አንተ ውጣ፣ እኔ እዚሁ ልጠብቅህ» አለችኝ። ጥያት የምሄድበት አንጀት አልነበረኝም፤ ተያይዘን ወረድን። በማግስቱ ገና ሲነጋ ሸራ ጫማ አድርጋ ወጣን። ሦስት ጊዜ አረፈች፣ ጫፍ ደረሰች። መንገዱ ያው ነበር፣ እሷም ያችው ነበረች፤ ጫማውና ሰዓቱ ብቻ ተቀየሩ።

በመጀመሪያ ሰዓቱን ቁረጡ

ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ይህቺን አንድ ነገር ከያዛችሁ የቀረውን ራሳችሁ ታሰሉታላችሁ። ጠዋት ፀሐይ በወንዶ ገነት ተራሮች በኩል ትወጣለች፤ እናንተ ወደ ሐይቁ ስትዞሩ ከጀርባችሁ ሆና ውሃውን ታበራላችኋለች። ነፋስ ገና አልተነሳም፤ አንዲት ጀልባ ያለፈችበት መስመር እንኳ ከላይ ሆናችሁ ለረጅም ጊዜ ይታያችኋል። በዚያ ሰዓት ወደ ከተማው ፎቶ ለማንሳት ብትሞክሩ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትሆን ሁሉም ነገር ይጠቁራል።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ብርሃኑ ከሐይቁ በኩል መጥቶ ከተማዋን ያሳምራታል፤ ሐይቁ ላይ ግን ነፋስ ይነሳል፣ ውሃው ይሸበሸባል። አመሻሽ ላይ ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ትጠልቃለች፤ ይህን ማየት የማይወድ የለም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ለመምጣት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም፤ ቁልቁለቱ ላይ ያሉት ጠጠሮች ደግሞ በጨለማ አይታዩም። ማታውን ከመረጣችሁ ፀሐይዋ ውሃውን እንደነካች መውረድ ጀምሩ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጠዋት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ እግሩ ሥር ተገኙ። ዓሣ አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ ሰብስበው የሚመለሱት ጠዋት ስለሆነ፣ ስትወርዱ ገበያው በደንብ ሞቆ ይጠብቃችኋል።

ወቅቱስ?

ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት ምርጥ ናቸው። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ ሣሩ አልደረቀም፣ ሩቅ ያለው ተራራ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ከጥር በኋላ አቧራና ጭጋግ ይበዛል። ክረምት ላይም ይወጣል፤ ሌሊቱን ዘንቦ ካደረ ግን አፈሩ ያንሸራትታልና ፀሐይ እስኪነካው ጠብቁ።

ሁለት ቀኖችን ልብ በሉ፦ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19። የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከየአገሩ ምዕመናን ይጎርፋሉ፣ አልጋ ጠፍቶ ሰው ሻሸመኔ ሄዶ የሚያድርበት ጊዜ አለ። በዓሉን ለማክበር ከመጣችሁ እሰየው፤ ተራራውን ብቻ ለማየት ከሆነ ሌላ ሳምንት ይሻላችኋል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ግን በዩኔስኮ የተመዘገበ (በ2008 ዓ.ም.)፣ ሐይቁ አካባቢ ባለው ጉዱማሌ አደባባይ የሚከበር ስለሆነ፣ ቢገጥምላችሁ ሁለቱን አጣምሩ። ቀኑን ኮከብ ቆጣሪዎቹ አያንቶዎች አይተው ስለሚወስኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ሐዋሳ ያለ ሰው ጠይቁ።

ከአዲስ አበባ እስከ ታቦር እግር

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ አድርጎ በመኪና ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል። አውሮፕላንም አለ። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አድርጋችሁ ተራራውን ጭምር ለመውጣት አታስቡ፤ የምትደርሱት ፀሐዩ አናት ላይ ሲሆን ነው፣ እናቴ የደረሰባት ይደርስባችኋል። ዋዜማውን ገብታችሁ እደሩ።

የምታድሩበትን ስትመርጡ ወደ ሐይቁ የቀረበውን አስቀድሙ። ከገብርኤል አደባባይ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ የሚወርደው ሰፊ መንገድ አካባቢ ከሆናችሁ፣ ጠዋት ባጃጅ ብትይዙ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ባጃጅ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «ታቦር» ብቻ ብላችሁ አትሳፈሩ። ታቦር ክፍለ ከተማም ነው፣ ትምህርት ቤትም ነው፤ ሾፌሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዟችሁ ሄዶ ንጋቱ ሊያመልጣችሁ ይችላል። «ታቦር ተራራ፣ በአሞራ ገደል በኩል» በሉት። አሞራ ገደል ማለት የዓሣ ገበያው ያለበት፣ ከተራራው እግር ሥር ያለው የሐይቅ ዳር ነው፤ የማያውቀው ባለባጃጅ የለም። ኮንትራት ከሆነ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተስማሙ።

የምትይዙት

ብዙ አይደለም። ሶሉ የሚይዝ ጫማ፣ ለያንዳንዱ ሰው አንድ ሊትር ውሃ፣ ኮፍያ፣ ለጠዋቱ ብርድ ስስ ሹራብ። ምግብ በፌስታል አታንጠልጥሉ፤ ሐይቅ ዳር ያሉት ጦጣዎች ፌስታል ማለት ምግብ ማለት መሆኑን ተምረዋል፣ ከእጃችሁ ይነጥቋችኋል። ልጆች ሲያዩዋቸው ሙዝ መስጠት ይፈልጋሉ፤ ከልክሏቸው። ዛሬ የተሰጣቸው ጦጣ ነገ የሌላ ሰው ልጅ ይቧጭራል። ባዶ የውሃ ላስቲካችሁን ይዛችሁ ውረዱ፤ ተራራው ላይ የተጣለው ሁሉ በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ይገባል፣ ሐይቁ ደግሞ የሚያወጣበት ወንዝ የለውም።

ብቻችሁንም አትውጡ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፣ ወይም ሐዋሳ የሚኖር ዘመድ አስከትሉ፤ ማንም ከሌላችሁ ያረፋችሁበት ሆቴል የሚያውቀውን አስጎብኚ ጠይቁ። ጠዋት ለስፖርት የሚወጡ ወጣቶች ስላሉ መንገዱ ጭር አይልም፤ ስልካችሁንና ቦርሳችሁን ግን እንደ ማንኛውም ከተማ ጠብቁ።

አወጣጡ

ጤነኛ ሰው ሳይቸኩል ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ይወጣዋል። የከፋ ዳገት አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ የሚሮጥ ሰው ግን መሐል ላይ ይደክማል። ሐዋሳ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹ ቶሎ ያጥረዋል። በየማረፊያው ወደ ኋላ ዞራችሁ ተመልከቱ፤ ከተማዋ በየደረጃው ስትሰፋ ማየት ራሱ የጉዞው ግማሽ ነው። አቋራጭ የሚመስሉትን ቀጥ ያሉ መንገዶች ተዉአቸው፤ ስትወርዱ ጠጠሩ ከእግራችሁ ሥር ይሸሻል።

ከላይ ሆናችሁ ምን ታያላችሁ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው ወጥቶ፣ አምስት ፎቶ አንስቶ ይወርዳል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ያዙለት።

መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ዙሩ። ስፋቱ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፣ በጥልቁ ቦታ ከ20 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ዙሪያውን አይታችሁ ሐይቁ በየት በኩል እንደሚወጣ ፈልጉ፤ አታገኙትም። ጥቁር ውሃ ወንዝ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እንዲህ ያሉ ሐይቆች ብዙውን ጊዜ ጨዋማ ይሆናሉ፤ ሻላና አብጃታ እንዲያ ናቸው። ሐዋሳ ግን ጨዋማ አልሆነም፣ ዓሣውም የሚኖረው ለዚህ ነው። ምክንያቱ ውሃው ከሥር በመሬት ውስጥ እየሰረገ ጨዉን ይዞ ስለሚሄድ ነው ተብሎ ይታመናል።

ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከሐይቁ ማዶ አንሱ። ቀኑ ጥርት ካለ የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ጉብታዎች፣ ኡርጂና ጨቢ፣ ይታያሉ። የቆማችሁበት ታቦርም፣ ሐይቁም፣ ከተማውም የተቀመጡት ከጥንት በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ተደርምሶ በጎደጎደ ሰፊ ሜዳ ውስጥ ነው። ከታች ሆኖ ሲነገር ለማመን ይከብዳል፤ ከላይ ሆናችሁ ዙሪያውን የከበቡትን ሸንተረሮች በጣታችሁ ስትከተሉ ግን የጉድጓዱ ከንፈር ራሱ ይታያችኋል።

ወደ ምሥራቅ ስትዞሩ ከተማዋ አለች። መንገዶቿ ቀጥ ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ የበዛባቸው ናቸው፤ በ1950ዎቹ ስትቆረቆር በፕላን የተጀመረች መሆኗ ከላይ ይታወቃል። ከከተማው ወዲያ ጠፍጣፋ አረንጓዴ ሜዳ ታያላችሁ፤ ጨለለቃ ነው። ቀድሞ ሐይቅ ነበር፣ አሁን ረግረግ ሆኗል። ጨለለቃን ካያችሁ በኋላ መልሳችሁ ሐዋሳ ሐይቅን እዩት። እኔ ሁለቱን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ ልጆች ይዛችሁ ከወጣችሁ ይህን አሳዩአቸው። በደቡብ በኩል ከታቦር የሚበልጠው አላሙራ ተራራ ነው፤ ሌላ ቀን ካላችሁ እሱንም ውጡት፣ ግማሽ ቀን ግን መድቡለት።

ስትወርዱ በቀጥታ ወደ ዓሣው

ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ አሞራ ገደል ከደረሳችሁ በጥሩ ሰዓት ነው። የእንጨት ጀልባዎቹ ዳር ይደገፋሉ፣ መረቡ ይዘረገፋል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች የሰው ቁመት ሊያክሉ ምንም ሳይቀራቸው፣ ራሰ በራ ሆነው፣ የሚጣልላቸውን አንጀት ይጠብቃሉ። ከመረብ ዓሣ የሚያወጣውን ልጅ እጅ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ዓሣውን አይጎትተውም፤ በአውራ ጣቱ የሚተነፍስበትን የስንጥቡን ክዳን ከፈት አድርጎ፣ ክሩን በጭንቅላቱ በኩል ያሳልፈዋል። እጁ ላይ የተለጠፈው ቅርፊት በጠዋት ፀሐይ ያብረቀርቃል። ፎቶ ልታነሱት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ሥራ ላይ ነው።

በብዛት የሚወጣው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛና ቢልጫም አለ። ለጥብስ ቆሮሶ ይሻላል። ጎን ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ዘይት ውስጥ ደርቆ፣ ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም ብዙዎች ናቸው፤ ያልለመደ ሆድ ያላችሁ ጥብሱንና ሾርባውን ያዙ። በዐቢይ ጾም ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይጨምራል፣ ዓሣውም ቶሎ ያልቃል።

ዳገት መውጣት የማይችል ሰው አብሯችሁ ካለ እዚሁ ፍቅር ሐይቅ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ቡና ይዞ ይጠብቃችሁ፤ ስትወርዱ አብራችሁ በጀልባ ውጡ። ከውሃው መሐል ታቦር ሙሉውን ይታያል። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ፤ ጉማሬ ስትፈልጉም ባለጀልባውን «ጠጋ በልልን» አትበሉት፣ ርቀቱን እሱ ያውቃል። የጀልባውን ነገር ከነፋሱ በፊት፣ እስከ 5 ሰዓት ጨርሱ።

ዓሣ ለቤት የምትይዙ ከሆነ ግን መጨረሻ ላይ፣ መኪናችሁ ሊነሳ ሲል ግዙ። ተቆራርጦና ታጥቦ ይሰጣችሁ፣ በረዶ ያለበት ዕቃ ውስጥ ክቱት፣ ላስቲኩን ሁለት ጊዜ እሰሩት። ሻሸመኔ ላይ ቆማችሁ በረዶው መቅለጡን አንድ ጊዜ እዩለት።